ለሰባት ሳምንት ሕፃን የትኛው ማዘያ ይሻላል? አንቀልባ፣ የትከሻ ከረጢት ወይስ ባለቀበቶ?

ጥያቄ
ከ«ሰማንያ ቀን ጠባቂ»፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እንደምን ሰነበታችሁ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ልጄ ጊዜዋን ጨርሳ የተወለደች ስትሆን ባለፈው ሳምንት ስትመዘን 4 ኪሎ ከ300 ግራም ሆናለች። እኔ ግን የወለድኩት በኦፕራሲዮን በመሆኑ ወገቤ ገና አልጠናም። ልጅቱ ከእቅፍ ከወረደች አትተኛም፤ አስተኝቼ እጄን ሳብ ሳደርግ ዓይኗን ትገልጣለች። ስለዚህ ማዘያ የግድ ሆኖብኛል፤ የቱን እንደምመርጥ ግን ግራ ገብቶኛል።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ማዘያ አለ። የመጀመሪያው አማቴ ለክርስትናዋ ሲመጡ ከደብረ ማርቆስ ይዘውልኝ የመጡት አንቀልባ ነው፤ ባለቤቴንና ወንድም እህቶቹን ሁሉ ያዘሉበት፣ ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ፣ ከሻንጣ ሲወጣ ቤቱን በቆዳና በቅቤ ሽታ የሞላው ነው። ሁለተኛው የሥራ ባልደረባዬ ልጇ ሲያድግባት የሰጠችኝ፣ በአንድ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ሕፃኑን አጋድሞ እንደ ከረጢት የሚይዝ ጨርቅ ሲሆን፣ ማን እንደሠራውና መቼ እንደተሠራ የሚገልጸው መለያ ተቆርጦ ወጥቷል። ሦስተኛው ባለቤቴ በቅርቡ የገዛው፣ ወፍራም የወገብ ቀበቶና ሁለት የትከሻ ማሰሪያ ያለው ነው፤ ከ3 ኪሎ ከ200 ግራም ጀምሮ እንደሚያገለግል ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ማክሰኞ የደረሰብኝ ነው። ልጅቱን በዚያ ከረጢት ይዣት ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ፤ «ደግሞ እንደ አባቷ ታንኮራፋለች» ብዬ ሳቅሁ። አማቴ ግን ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ጨርቁን ገለጥ አደረጉና «አንገቷን አጥፈሻታል፤ ቶሎ አውጫት» አሉኝ። ሳወጣት አገጯ ደረቷ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ቀና ስትል በረጅሙ ተነፈሰችና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ማዘያ ለመንካት እጄ ፈርቷል።

በአንቀልባው ከአሁኑ ጀርባዬ ላይ ባዝላት ችግር ይኖረዋል? ባለቤቴ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጎ ሊይዛት ይፈልጋል፤ ይህስ መቼ ይፈቀዳል? አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ እግሯ ተከፍቶ ከታዘለች ይወላገዳል ብላኛለች። በተጨማሪም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቤተ ክርስቲያን ረጅም ሰዓት ስለምንቆም፣ ያን ጊዜ እንዴት ልያዛት? የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1
ከ«የሕፃናት ክፍል ነርስ»፣ ሚኒያፖሊስ

ልጅዎ ደኅና በመሆኗ ደስ ብሎኛል፤ አማትዎም ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ የማክሰኞውን ነገር ለሐኪሟ ይንገሩ፤ በአካል ያላየሁትን ልጅ እዚህ ሆኜ «ምንም አልሆነችም» ልል አልችልም። የሰሙት ድምፅ አየር በጠበበ ቧንቧ ሲያልፍ የሚያሰማው ሳይሆን አይቀርም። የአራስ ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና ጉልበት የለውም፤ የመተንፈሻ ቧንቧውም ጠባብና ለስላሳ ነው። ወገቡ ጎብጦ አገጩ ደረቱ ላይ ሲያርፍ፣ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ ሲታጠፍ እንደሚዘጋ ሁሉ ቧንቧውም ይጠባል፤ ልጁም ራሱን ቀና ለማድረግ አቅም የለውም። ከሁሉ የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ለማልቀስም አየር ያስፈልጋልና ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ሳይንፈራገጥ፣ የተኛ መስሎ ሊታፈን ይችላል። ጨርቁ ወይም የእናቲቱ ገላ አፍንጫና አፉን ከሸፈነ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እንኳ ይበቃል።

ስለዚህ ከሦስቱ ያንን ከረጢት ዛሬውኑ ያስወግዱ። ለሌላ ሰው አይስጡ፤ ከቆሻሻ ውስጥ አንሥቶ የሚጠቀምበት እንዳይኖር በመቀስ ቆራርጠው ይጣሉት። ነገሩን ማክበዴ ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2010 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት ከትከሻ ማዘያ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 የሕፃናት ሞቶች መኖራቸውንና ከእነዚህም 12ቱ ከአራት ወር በታች የነበሩ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። የእርስዎ ልጅ ያለችው በዚሁ ዕድሜ ውስጥ ነው። ከጥር 2018 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጥ የትከሻ ማዘያ ሁሉ አስገዳጅ መስፈርት ማሟላትና ማስጠንቀቂያው ከጨርቁ ጋር ተያይዞ መገኘት አለበት። መለያው የተቆረጠ ማዘያ ከመስፈርቱ በፊት ይሠራ ከዚያ በኋላ፣ ከገበያ እንዲሰበሰብ የታዘዘ ይሁን አይሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም።

ይህን ስል የትከሻ ጨርቅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሁለት ቀለበት ያለው፣ ሕፃኑን በቁመቱ ደረት ላይ አጥብቆ የሚይዝ ጨርቅ በአግባቡ ከታሰረ ጥሩ ነው፤ እኔም ሁለተኛ ልጄን ያሳደግኩት በዚያ ነው። አደጋው ያለው ሕፃኑ ተጋድሞ፣ ጎብጦና ተሸፍኖ በሚያዝበት አኳኋን ነው።

አሁን ለእርስዎ የሚስማማው ባለቤትዎ የገዙት ባለቀበቶው ነው፤ ክብደቷ ከዝቅተኛው ልክ በላይ ስለሆነ ትችላለች። አንዳንዶቹ ማዘያዎች ግን ለትንንሾቹ የተለየ የመቀመጫ ማስተካከያ ስላላቸው መመሪያውን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ካሰሯት በኋላ መስታወት ፊት ይቁሙ። ማዘያው ልቅ ከሆነ ልጅቱ ወደ ታች ተሸብሽባ ትወርዳለች፤ ስለዚህ ጎንበስ ሲሉ ከደረትዎ የማትለይ እስክትሆን ያጥብቁት። ዓይንዎን ዝቅ ሲያደርጉ ፊቷ በሙሉ ሊታይዎት ይገባል፤ ጨርቅ ገልጦ ማየት ካስፈለገ አስተሳሰሩ ትክክል አይደለም። ራስዎን ዘንበል አድርገው ግንባሯን መሳም ካልቻሉ በጣም ዝቅ ብላለችና ከፍ ያድርጓት። በአገጯና በደረቷ መካከል ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። መጨረሻ ላይ መዳፍዎን ጀርባዋ ላይ አድርገው በቀስታ ጫን ያድርጉ፤ ወደ እርስዎ ከተጠጋች ወይም ከተዘረጋች ጀርባዋ በቂ ድጋፍ አላገኘም ማለት ነው። ይህ በእንግሊዝ የማዘያ አምራቾችና ባለሙያዎች «ቲክስ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚያስተምሩት ፍተሻ ነው። እኔ ለወላጆች ሳስተምር አምስቱንም ማስታወስ ለሚያቅታቸው ፊትና አገጩን ብቻ አይርሱ እላለሁ።

ስለ እግሯ ጓደኛዎ ካሉት ተቃራኒው ነው እውነቱ። ሕፃን በተፈጥሮው ቁጢጥ ያለ ይመስላል፤ ጭኖቹ ተከፍተው፣ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብለው ሲያዝ የጭኑ አጥንት ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ በደንብ ይቀመጣል። ለዳሌ መገጣጠሚያ የሚያሰጋው እግርን ዘርግቶና አጣብቆ መጠቅለል ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት። ስለዚህ ጨርቁ ከአንዱ የጉልበት ሥር እስከ ሌላኛው ጭኗን መደገፍ አለበት።

በጀርባ ለማዘል ግን አሁን ገና ነው። አብዛኞቹ የባለቀበቶ አምራቾች ይህን የሚፈቅዱት ልጁ አንገቱን አጽንቶ መቀመጥ ሲጀምር፣ ይኸውም በስድስት ወር አካባቢ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ጀርባዎ ላይ ያለን ፊት ማየት አይችሉም።

መልስ 2
ከ«የአራት ልጆች እናት»፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ነርሷ የተናገረችውን በጥሞና አነበብኩት፤ ብዙው ልክ ነው። ነገር ግን አንቀልባን በእነዚያ ከረጢቶች ዓይን እንዳታዪው አደራ እልሻለሁ። አንቀልባ ልጁን በቁመቱ ነው የሚይዘው፤ ሆዱ ጀርባሽ ላይ ይለጠፋል፣ እግሮቹ ወገብሽን አቅፈው ይከፈታሉ። አሁን ሐኪሞች ቁጢጥ ይበል የሚሉትን እኛ ቆዳ ፍቀን ስንሠራው ኖረናል።

መቼ ይታዘል ለሚለው አልዋሽሽም፤ እኛ አገር ስድስት ወር የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን አራቱንም አንገታቸው ሳይጸና አላዘልኩም። የእኔ እናት ልጁን በሆዱ ደረቷ ላይ ታስተኛውና ራሱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ሲያይ፣ መልሶ ሳይደፋ ሲቆይ «አሁን ይታዘላል» ትል ነበር። ያንቺ ልጅ ሰባት ሳምንቷ ነው፤ ገና ናት። ደግሞም እኛ ስናዝል ብቻችንን አልነበርንም። ከኋላ እናት፣ እህት፣ ጎረቤት አለች፤ «አንገቱ ዘንበል አለ» የምትል ዓይን ከቤት አትጠፋም። አንቺ ቀን ቀን ብቻሽን ከሆንሽ ያንን ዓይን ከየት ታመጫለሽ? ማክሰኞ የደረሱልሽ አማትሽ አይደሉም?

ጊዜዋ ሲደርስ እንዴት እንደምታዝያት ልንገርሽ። አልጋ አጠገብ ቁሚ፤ ብትንሸራተት የምታርፈው ፍራሹ ላይ ይሁን። ጎንበስ ብለሽ ጀርባሽን አደላድይ፤ አማትሽ ልጅቱን ከፍ አድርገው ያስቀምጡልሽና አንቀልባውን ከመቀመጫዋ ሥር አስገብተው እስከ ብብቷ ይሳቡት። ጠፍሩን አጥብቀሽ አስረሽ እስክትጨርሺ እሳቸው እጃቸውን ከልጅቱ አያንሡ። ከዚያ ቀና በይ። መቀመጫዋ ከወገብሽ በታች ከወረደ ፈትተሽ እንደገና እሰሪ፤ ልቅ እዝል ልጁንም እናቱንም ይጎዳል። ቆዳው ለዓመታት ሻንጣ ውስጥ ከነበረ ደግሞ ጠፍሩን በእጅሽ እያጠፍሽ መርምሪው፤ የተሰነጠቀ ወይም ስፌቱ የላላ ካገኘሽ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ስቀዪው እንጂ ልጅ አታስይዢው። ዛጎሉንም አንድ በአንድ ሳቢው፤ የላላ ዛጎል ልጅ አፍ ውስጥ ይገባል።

አንድ የሚቆጨኝን ልጨምር። ሁለተኛ ልጄን አዝዬ እንጀራ እጋግር ነበር። እኔ ከምጣዱ ፊት ጭሱን እየሸሸሁ ፊቴን ሳዞር ልጁ ጭሱን ይስበው ኖሯል፤ ሳሉ አልለቀው ብሎ ጤና ጣቢያ ስወስደው ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስትጋግሪ ታዝዪዋለሽ?» ብሎ ነው። እዚያ የማገዶ ጭስ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የፈላ ዘይትና የቡና ጀበና ግን አለ። ልጅ ይዘሽ ምድጃ ፊት አትቁሚ፤ ደረትሽ ላይ ሆና ደግሞ እጇን ሰድዳ ሲኒሽን የምትይዝበት ቀን ሩቅ አይደለም።

መልስ 3
ከ«የዘጠኝ ወር አባት»፣ ፍራንክፈርት

በአባት በኩል ያለውን ልጨምር። እኛ ለልጃችን መጀመሪያ የገዛነው ማዘያ በኢንተርኔት በጣም በርካሽ የተገኘ፣ የታወቀ ምርት የሚመስል ቅጂ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው የፕላስቲክ መቆለፊያ ጥርሱ ተሰነጠቀ፤ ያየሁት ልጁን ከማስገባቴ በፊት ስለነበር ከድንጋጤ በቀር የደረሰ ነገር የለም። አሁን በገዛነው ላይ የአውሮፓ መስፈርት ቁጥር «ኢኤን 13209-2» መጻፉን አይተን ነው የወሰድነው። ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን ነገር ዋስትና አይሰጥም፤ ቢያንስ ግን ስፌቱና መቆለፊያው ክብደት ተጭኖበት መፈተኑን ያመለክታል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ማዘያውን ሁለት ሰዎች መፈራረቃቸው ነው። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ88 ሲሆን ባለቤቴ ደግሞ 1 ሜትር ከ58 ናት። እኔ ለራሴ ያላላሁትን እሷ ሳታስተካክል ብትለብሰው ልጁ ሆዷ ላይ ይወርዳል ወይም በጎን በኩል ሊሾልክ የሚችልበት ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ለእያንዳንዳችን ልክ ማሰሪያው ላይ በተለያየ ቀለም ክር ምልክት ሰፍተንበታል። መቆለፊያው ሲገባ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መስማት፣ ከዚያም ጎትቶ ማረጋገጥ ልማድ ሆኖብናል። የወደቀ ዕቃ ስናነሣም ከወገብ አንጎነበስም፤ አንድ እጃችንን ልጁ ላይ አድርገን በጉልበታችን ዝቅ እንላለን።

ባለቤትዎ ፊቷን ወደ ውጭ ለማድረግ መጓጓታቸው ይገባኛል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነገር ግን ልጁ አንገቱን ሙሉ በሙሉ እስኪቆጣጠር፣ ማለትም ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ወር እስኪሞላው አይደረግም። ከዚያ በኋላም የእኛ ልጅ ከሃያ ደቂቃ በላይ አይችለውም ነበር፤ ሰው፣ መኪናና ድምፅ ሲበዛበት ፊቱን የሚሸሽግበት ደረት ያጣል። እንቅልፍ ሲይዘው ወዲያውኑ ወደ እኔ አዞረው ነበር፤ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ሲተኛ ራሱን የሚደግፈው ነገር የለምና።

የጠያቂዋ ምላሽ
ከ«ሰማንያ ቀን ጠባቂ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሟ ትናንት አይተዋት ሳንባዋም አተነፋፈሷም ደኅና እንደሆነ ነግረውኛል። ከረጢቱን ቆራርጬ ጣልኩት። የመልስ 2 ጸሐፊዋን ምክር ለአማቴ ሳነብላቸው «እውነቷን ነው» ብለው አንቀልባውን ከዳር እስከ ዳር መረመሩት፤ አንደኛው ጠፍር ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ስለተገኘ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ አሠርተው ሊልኩልኝ ተስማምተናል።

ባለቀበቶውን መስታወት ፊት ሞክሬዋለሁ። አገጯ ነጻ ነው፤ ግንባሯንም እስማታለሁ። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ቀበቶው ልክ ቁስሌ ላይ ያርፋል፤ ደግሞም አማቴ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከዓይንም ከብርድም እንድትጠበቅ በነጠላ ሙሉ በሙሉ ሸፍኛት እንድገባ ይፈልጋሉ። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም።

መልስ 4
ከ«የሕፃናት ክፍል ነርስ»

ቀበቶውን ከቁስሉ በላይ፣ ከእምብርትዎ ከፍ አድርገው ይሰሩት፤ ልጅቱም በዚያው ከፍ ስለምትል ለመሳም የበለጠ ትቀርባለች። እንደዚያም ሆኖ ካመመዎት ሐኪምዎ እስኪፈቅዱ ድረስ ባለቤትዎ ይያዟት፤ የአባት ደረትም ያው ደረት ነው።

ነጠላውን በተመለከተ፣ ፊቷን መሸፈን የለበትም። ስስ ቢመስልም በእጥፍ ሲሆን ሙቀት ያምቃል፣ የምታስወጣውን ትንፋሽ መልሳ እንድትስበው ያደርጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊቷን ከእርስዎ ይሰውራል። ለአማትዎ እንዲህ ብለው ያስረዷቸው፤ ነጠላውን በትከሻዎና በጀርባዋ ዙሪያ ያጣፉት፣ ከአንገቷ በላይ ግን አይለፍ፤ ራሷን በስስ ኮፍያ ይሸፍኑላት። ማዘያው ራሱ እንደ አንድ ልብስ ስለሚሞቅ ወፍራም ነገር አይደርቡባት፤ ማጅራቷን በጣትዎ ሲነኩት ላብ ካለው ሞቋታል። ካፖርት ከለበሱም ከማዘያዋ በላይ አይቆልፉት። ዕጣኑ ከሚጤስበትም ትንሽ ራቅ ብለው ይቁሙ።

ቅዳሴው ላይ ከተኛች ለአጭር ጊዜ እዚያው መቆየቷ ምንም አይደለም፤ በየጥቂት ደቂቃው ፊቷን ይዩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው፣ ራሷ ከጨርቁ በላይ ቀና ብሎ፣ አፍንጫና አፏ ሳይሸፈን እንድትያዝ፣ ሲቻል ደግሞ በጀርባዋ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ እንድትተኛ ነው። ጡት ሊያጠቧት ከፈለጉ ማሰሪያውን አላልተው ዝቅ ያድርጓት፤ ጠብታ ስትጨርስ ግን ያንኑ ማሰሪያ መልሰው አጥብቀው ወደ ከፍታዋ ይመልሷት፤ ብዙ እናቶች የሚዘነጉት ይህችን ነው። መኪና ውስጥ ስትገቡ ምንም ያህል ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ብትሆን ከማዘያው አውጥታችሁ የመኪና ወንበሯ ላይ እሰሯት።